ኦነሲሞስ ነሲብና የሁሩሙ አገር

በኢሉባቦር ስለ ተወለዱ ደራስያን ነገር ሲነሣ የኦነሲሞስ ነሲብ ስም ሳይጠራ አይቀርም። በይበልጥ የታወቁት በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜያቸው ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ከአስቴር ጋኖ ጋራ ሁነው በ1894 (ዓመታቱን ሁሉ የምንሰጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ምንኩሉ ላይ ያሳተሙትን የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ ከሽማግሌና ከእናት አፍ ሲሰማ የኖረው ተረት ለጀማሪ አንባቢ በፊደል ቀረበ። እንግዲህ የትውልድ አገራቸው ለዚህ መጽሐፍ ያበረከተው ድርሻ ምንድን ነው?

ከመቱ ተነሥቶ ወደ በደሌ የሚጓዝ ሰው ያዮ ከመድረሱ በፊት ሁሩሙን ያገኛል። አገሩ ደን ነው፤ የገባ ወንዝ ያልፍበታል፤ ቡናውም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሰው እጅ ሳይተክለው ይበቅላል። በ2010 ዩኔስኮ የያዮን የቡና ደን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። ኦነሲሞስ በ1856 ገደማ የተወለዱት በዚሁ በሁሩሙ አጠገብ ነው። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር። ሂካ በኦሮምኛ ከፍችና ከትርጓሜ ጋራ የተያያዘ ቃል ነውና ለወደፊት ሥራቸው ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝ አይመስለንም።

አራት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ሞቱ። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ከእናታቸው ነጠቋቸው፤ በስምንት ሰዎች እጅ አልፈው ምጽዋ ደረሱ። በ1870 ስዊሳዊው ሙንዚንገር ነጻ አወጣቸው፤ በምንኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ገብተው ተማሩ፤ በ1872 ተጠመቁ። ቀጥሎም ስዊድን አገር ሄደው ለአምስት ዓመት ያህል ተማሩ። ከተመለሱ በኋላ በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ሞክረው ስላልሆነላቸው እንደገና ምንኩሉ ተቀመጡ።

ይሁን እንጂ ልጅ ሳለ ከአገሩ የተነጠቀ ሰው ይዞት የሚሄደው ቋንቋ የልጅ ቋንቋ ነው። የዳኝነቱ፣ የኀዘኑ፣ የሽማግሌው አነጋገር ገና አልደረሰውም። ኦነሲሞስም ለትርጓሜ ሲቀመጡ የገጠማቸው ችግር ይኸው ነው። ጉድለቱን በመሙላት በብዙ የረዷቸው የሊሙዋ ተወላጅ አስቴር ጋኖ ናቸው። እሳቸውም በባሕር ሊሸጡ ሲወሰዱ በ1886 የኢጣልያ መርከብ አስጥሏቸው ምንኩሉ የገቡ ናቸው። አስቴር ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ ቃላት ሰበሰቡ፤ ደግሞም 500 ያህል ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ከትዝታቸው አውጥተው ጻፉ። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ በ1894ቱ መጽሐፍ ታተመ።

ስለዚህ መጽሐፉን የሁሩሙ ተረት ብሎ መጥራት ለአስቴርም ለሊሙም ፍርድ ማጉደል ነው። ለሥራው ስም ያወጣለት የሁሩሙ ልጅ ነው፤ የተረቱን ሀብት ያወጣችው ግን የሊሙ ሴት ናት። በአካባቢያችን ጸሐፊዎች ዘንድ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ሲዘለል እናያለን። ሁሩሙ የሰጠችው በሌላ ወገን ይገኛል፤ ይኸውም ቋንቋው የጐደለበት ሰው ጉድለቱን ዐውቆ እስኪፈልገው ድረስ ያልለቀቀው የእናት አፍ ነው። እንቆቅልሽ ደግሞ «ምን አውቅልህ» የሚል መላሽ ይፈልጋል። በምንኩሉ መላሾቹ እንደ እነርሱው ከባርነት የወጡ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ፤ መጽሐፉም ያስፈለገው ለእነዚሁ ነው።

ሐዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታትሞ ካለቀ በኋላ ኦነሲሞስና አስቴር በ1904 ወደ ወለጋ ገቡ። ኦነሲሞስ በቦጂ፣ ኋላም በነቀምቴ ተቀመጡ። በ1906 በካህናት ተከሰው አዲስ አበባ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ሊጋዙ ተፈርዶባቸው ሳለ ዐፄ ምኒልክ እንዳይሰብኩ ከልክለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው። የስብከቱን ፈቃድ በ1916 ከልጅ ኢያሱ አገኙ። በዚያው በነቀምቴ በ1931 ዐረፉ።