ሕመም የለሽ ባክቴሪያ አዘል ሽንት

አክስቴ ሰባ ዓመት ካለፋት ቆየ። ስኳር ስላለባት በየሦስት ወሩ ለክትትል ትሄዳለች፤ ስትመለስ ወረቀቶቿን ሁሉ እኔ ፊት ትዘረግፋቸዋለች። ነርስ መሆኔ በቤተሰቡ ውስጥ ይህን ሥራ አሸክሞኛል። ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ የሽንት ምርመራዋ ላይ «ባክቴሪያ» የሚል ተጽፎ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) የተባለ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳታጓድል ዋጠችው። ያቃጥልሻል ወይ? አያቃጥለኝም። ያጣድፍሻል? እንደ ድሮዬ ነኝ። ትኩሳትስ? የለም። «ልጄ፣ እኔንስ ምንም አላመመኝም፤ ታመሻል የሚለኝ ወረቀቱ ነው» አለችኝ።

የወረቀቱም የአክስቴም ቃል እውነት ነበር። ሕክምናው ለዚህ ሁኔታ ስም አለው፤ «አሲምፕቶማቲክ ባክቴሪዩሪያ» ይለዋል። ሰው ሳያቃጥለው፣ ሳያጣድፈው፣ እንብርቱ ሥር ሳያመው፣ ሳያተኩሰው፣ በአግባቡ በተወሰደ ሽንቱ ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ ሲገኝ ማለት ነው። ስሙ ከግሪክ የተገጣጠመ ነው፤ ፊት ያለችው «አ» አፍራሽ ናት፤ «ሲምፕቶማ» የሕመም ምልክት፣ «ኡሮን» ሽንት። «ብዙ» የሚለውም ልክ ተበጅቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቦስተን ውስጥ ኤድዋርድ ካስ የተባለ ሐኪም፣ ፊኛ ውስጥ የሰነበተውን ባክቴሪያ ሽንት ሲወጣ ከቆዳ ከሚቀላቀለው ለመለየት ሲጥር በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 የሚል መስፈርት አወጣ። ላቦራቶሪዎች ዛሬም የሚመሩት በዚሁ ቁጥር ነው።

አማርኛ ለሽንት ሕመም ቃል አላጣም። ጠብ እያለ እያማጠ ለሚወጣው «ሽንተ ማጥ» አለን። «ብርድ መታኝ» አለ፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ልጅን የማይቆጣ እናት የለም። እነዚህ ሁሉ ግን የሚጠሩት የተሰማንን ነው። ያልተሰማንን ባክቴሪያ ማይክሮስኮፕ ከመምጣቱ በፊት ማን አይቶ ስም ያወጣለታል? ስም ስለሌለው ነው ከላቦራቶሪው መስኮት ሲወጣ በቀጥታ «ኢንፌክሽን አለብሽ» ሆኖ የሚወጣው።

ወደ አማርኛ ለመመለስ ስንነሣ መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው «ምልክት አልባ የሽንት ኢንፌክሽን» ነው። እኔ አልተቀበልኩትም። ኢንፌክሽን የተባለ ሰው መድኃኒት ይጠብቃል፤ ሳይታዘዝለት ቢቀር ሐኪሙ የናቀው ይመስለዋል። «ምልክት አልባ»ም ያስፈራል። ደም ግፊትን «ድምፅ አልባ ገዳይ» እያልን ስላስተማርን፣ አልባ የተባለ ሁሉ ጥግ ይዞ ያደባ ጠላት ይመስላል። ስለዚህ «ሕመም የለሽ ባክቴሪያ አዘል ሽንት» እላለሁ። «አዘል»ን ያገኘኋት ከደመና ነው። ዝናብ አዘል ደመና ስንል መያዙን እንጂ መዝነቡን አልተናገርንም፤ ነፋስ ወስዶት ሳይዘንብ ሊያልፍ ይችላል። ይህም ሽንት ባክቴሪያ መያዙን ብቻ ይናገር። ስሙ ረጅም መሆኑ ይታወቀኛል። ቢሆንም በታካሚው ካርድ ላይ «ሕመም የለሽ» የሚለው እንዳይቀር አጥብቄ እለምናለሁ፤ ባክቴሪያ አዘል ሽንት የታመመ ሰውም አለውና፣ መድኃኒቱን የሚወስነው ያ የፊቱ ቃል ነው።

ተማሪ ሳለሁ ጤነኛ ሰው ፊኛ ውስጥ ያለ ሽንት ከማንኛውም ተሕዋስ የጸዳ ነው ተብዬ ነው የተማርኩት። እ.ኤ.አ. በ2012 ቺካጎ የሚገኘው የሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተለመደው ምርመራ ምንም ካልበቀለበት፣ በቀጥታ ከፊኛ ከተቀዳ የሴቶች ሽንት የባክቴሪያ ዘረ መል አገኙ። ፊኛም እንደ አንጀታችን የራሱ ነዋሪዎች አሉት ማለት ነው። ከዚህ ይበልጥ የገረመኝ የስዊድኑ ታሪክ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም ሳያማት ሽንቷ ውስጥ ኢ. ኮላይ ከተሸከመች አንዲት ልጅ ባክቴሪያው ተወሰደ፤ ቁጥርም ተሰጠው፤ 83972። የሉንድ ከተማ ሐኪሞች ይህንኑ ባክቴሪያ ፊኛቸው በደንብ ባዶ ለማይሆንና ኢንፌክሽን ለሚመላለስባቸው ሰዎች ሆነ ብለው በቱቦ ከፊኛቸው ጨመሩላቸው። ለማዳ የሆነው ባክቴሪያ ቦታውን ሲይዝ ክፉው የሚገባበት አጣና የሰዎቹ ሕመም ቀነሰ። በዚያው በ2012 ደግሞ ጣልያን ውስጥ ኢንፌክሽን የሚደጋገምባቸው 673 ወጣት ሴቶች ባክቴሪያው ሳያማቸው በተገኘባቸው ጊዜ ከፊሎቹ አንቲባዮቲክ ወሰዱ፣ ከፊሎቹ ተተዉ። በዓመቱ ውስጥ ደጋግመው የታመሙት የታከሙት ናቸው።

አክስቴ የዋጠችው ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ ዋጋ አልነበረም። መድኃኒቱ ጅማት ያቆስላል፤ በተለይ አረጋውያን ላይ የተረከዝ ጅማት እስከ መበጠስ ያደርሳል፤ የስኳር ታካሚን ስኳር ያዛባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ ለቀላል የሽንት ኢንፌክሽን እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀው በዚህ የተነሣ ነው። ከወተት ወይም ከብረት እንክብል ጋር ከተዋጠ ደግሞ ሰውነት በወጉ አይቀበለውም። ከሁሉ የከፋው ግን ቀጥሎ የደረሰባት ነው። በአራተኛው ጊዜ የምር ታመመች። ብርድ ብርድ አላት፤ ጎኗን ወጋት፤ አስመለሳት። ሽንቷ ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የማየት ምርመራ) ሲሠራለት ባክቴሪያው ሲፕሮን ተላምዶታል። ሳያማት በዋጠችው መድኃኒት ላይ ቀስ በቀስ የሠለጠነው ባክቴሪያ፣ ባመማት ቀን መድኃኒቱን ዋጋ አሳጣው። ሆስፒታል ተኝታ በመርፌ ነው የዳነችው።

የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የስኳር ታካሚዎችን፣ አረጋውያንን፣ ካቴተር (ሽንት ማስወጫ ቱቦ) ያለባቸውን ካላመማቸው በቀር ለዚህ ባክቴሪያ አትመርምሩ፣ ብታገኙም አታክሙ ይላል። በፕሮስቴትና በሽንት ቧንቧ ላይ ከሚደረጉ፣ ደም ሊያፈስሱ ከሚችሉ ሕክምናዎች በፊት ግን ይታከማል።

እርጉዝ ሴትም ትታከማለች። እዚህ ላይ «አላመመኝምና ተዉኝ» አይሠራም፤ ይህን ጽሑፍ አንብባ መድኃኒቷን የምትተው እናት እንዳትኖር እፈራለሁ። በእርግዝና ሆርሞን ምክንያት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱት ቧንቧዎች ይላላሉ፤ ማሕፀንም ይጫናቸዋል፤ ሽንት ይተኛል። ከ100 እርጉዞች ከ2 እስከ 10 የሚሆኑት ሽንታቸው ባክቴሪያ አዘል ነው። ካልታከሙ ባክቴሪያው ኩላሊታቸው ድረስ ወጥቶ በትኩሳትና በጎን ውጋት ሊጥላቸው፣ ምጥም ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል። ደመናው እዚህ ይዘንባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል ምክር እርጉዝ ሴት ሽንቷ ካልቸር እንዲሠራለት፣ ካልቸር በሌለበት የግራም ቀለም ምርመራ እንዲደረግለት፣ ባክቴሪያ ከተገኘ ለ7 ቀን አንቲባዮቲክ እንድትወስድ ይላል። አሞክሲሲሊን፣ ሴፋሌክሲን፣ ናይትሮፉራንቶይን ካልቸሩ እየመራ ይታዘዛሉ። ናይትሮፉራንቶይን ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ሽንት ያጠቁራል፤ እናትየዋ እንዳትደነግጥ አስቀድሞ መንገር የነርስ ድርሻ ነው። መውለጃዋ ሲቃረብ ግን አይሰጥም። ኮትሪሞክሳዞልም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትና በመጨረሻው ይሸሻል። ሲፕሮ ለእርጉዝ አይመረጥም። ሰባቱ ቀን ካለቀ በኋላ ሽንቱ እንደገና ይታያል።

ወደ አረጋውያን ልመለስ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። በመጦሪያ ተቋም ከሚኖሩ አሮጊቶች ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ አለ። አባባ ትናንት ማታ ቃዡ፣ ልጃቸውን አላወቁም ሲባል ሽንት ይመረመራል፤ ባክቴሪያ ይገኛል፤ አገኘነው ተብሎ ፍለጋው ይቆማል። ትኩሳትም ሆነ የሽንት ሕመም ከሌላቸው ግን ፍለጋው ገና ነው። ውኃ ጠጥተዋል? ሆዳቸው ስንት ቀን ደረቀ? አዲስ መድኃኒት ተጀምሮላቸዋል? ፊኛቸው ተወጥሮ ሽንት እምቢ ብሏቸው ይሆን? ለሚያጣድፍ ፊኛ የሚሰጠው ኦክሲቡታይኒን ራሱ አረጋውያንን ያደናግራል፤ አፍ ያደርቃል፤ ሆድ ያስራል። የሽንቱ መደፍረስና መሽተት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ውኃ ያነሰው ሰው ሽንትም ይሸታል።

ካቴተር የገባለት ታካሚ ደግሞ በየቀኑ ከ100 ከ3 እስከ 5 በሚሆን ዕድል ባክቴሪያ ይይዛል። ወር ሲሞላው ከባክቴሪያ የሚያመልጥ የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ከአንቲባዮቲክ ይልቅ የሚረዳው የነርሷ እጅ ነው። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ወለል አይንካ፤ ቱቦው አይጣመም፤ ካቴተሩና ከረጢቱ የተጋጠሙበት አይፈታ፤ ከመንካት በፊትም በኋላም እጅ ይታጠብ። ለምርመራ ሽንት ከከረጢቱ አይቀዳም፤ እዚያ ውስጥ ያደረው ባክቴሪያ ስለ ፊኛው ምንም አይነግረንም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ይህ ካቴተር ዛሬም ያስፈልጋል? ለስንቱ ታካሚ የገባበት ምክንያት ካለቀ ሰንብቶ ቱቦው ብቻ ተረስቶ አግኝቻለሁ!

ከተሳሳቱት ወረቀቶች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው። ለታካሚዋ ብልቃጥ ሰጥተን «ሽንት አምጪ» ብለን ብቻ እንልካታለን። ታጥባ፣ የመጀመሪያውን አፍስሳ፣ መሃሉን ብቻ እንድትቀበል በግልጽ ቃል መንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ብልቃጡ ጸሐይ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ባክቴሪያው ውስጡ ይራባል፤ የተቆጠረው እንግዲህ የታካሚዋ ሳይሆን የብልቃጡ ነው። ወረቀቱ ላይ «ኤፒተሊያል ሴል» በብዛት ከተጻፈ ናሙናው ከቆዳ መቀላቀሉን ይናገራል። «ፐስ ሴል» (የመግል ሕዋስ) መኖሩም ሕመም ከሌለ ብቻውን መድኃኒት አያሳዝዝም።

አክስቴ ከሆስፒታል የወጣች ሰሞን የስኳር ደብተሯን ተቀብዬ የመጨረሻው ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሕመም የለሽ ባክቴሪያ አዘል ሽንት» ብዬ ጻፍኩላት። ከሥሩም ማቃጠል፣ ማጣደፍ፣ ደም፣ ትኩሳት፣ የጎን ውጋት ብዬ ደረደርኩ። ባለፈው ክትትሏ ላይ ባክቴሪያ እንደገና ተገኘባት። ደብተሩን ገልጣ ለሐኪሟ ሰጠችው። እሱም አንብቦ አንድ በአንድ ጠየቃት፤ ለአምስቱም «የለኝም» አለች። በዚያን ቀን ይዛ የተመለሰችው የስኳር መድኃኒቷን ብቻ ነው።