ፈረንሳይኛ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችና የሥነ ጽሑፍ ውለታ



በሁሩታ የምንማር እኛ ተማሪዎች የውጭ ቋንቋ ብለን የያዝነው እንግሊዝኛን ነው። ከዚያ በፊት ግን በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ከፍ ያለ ቦታ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። ታሪኩ ለእኛም ምክር ስላለበት በዚህ መጽሔት ልናቀርበው ወደድን። ዘመኑን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፈረንሳይኛ በኢትዮጵያ የተስፋፋው ይልቁንም በሥራ ምክንያት ነው። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1894 በፓሪስ ታተሙ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። «ለገሀር» የሚባለው የሰፈር ስም እንኳ «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ይህንኑ ቋንቋ ያስተምሩ ነበር።

በ1941 የአገራችን ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ግን እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ እየሆነ ሄደ፤ የፈረንሳይኛም ቦታ ጠበበ። ቢሆንም ጨርሶ አልጠፋም። በ1947 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሊሴ ገብረ ማርያም በፈረንሳይኛ ማስተማሩን ቀጠለ። በፈረንሳይ የትምህርት ልማድ ተማሪ ሰዋስው ብቻ አይማርም፤ ልጅ ሳለ የላ ፎንቴንን ተረት በቃሉ ያጠናል፤ ከፍ ሲል የሞሊየርን ተውኔት ያነባል፤ ከዚያም አንዱን ምንባብ እየመረመረ ምሥጢሩን ያብራራል።

ይህ ዘዴ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ግእዝን የሚማረው ግስ በማውረድ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ቅኔ እየቆጠረ ለመምህሩ ይነግራል። ላ ፎንቴን ከ1668 ጀምሮ ያሳተማቸው ተረቶችም ስለ አንበሳ፣ ስለ ቀበሮና ስለ ተኩላ የሚያወሩ በመሆናቸው፣ የአርሲ ሽማግሌዎች በምድጃ ዳር ከሚነግሩን ተረት እምብዛም አይርቁም። እንዲህ ያለውን ታሪክ የለመደ ልጅ አዲሱን ቃል ለመገመት አይቸገርም።

የሥነ ጽሑፍ ኃይል ቋንቋውን ለማያውቁትም ይተርፋል። ፀጋዬ ገብረ መድኅን የሞሊየርን ኮሜዲ «የፌዝ ዶክተር» ብለው፣ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የቪክቶር ሁጎን ልብ ወለድ «ምንዱባን» ብለው ወደ አማርኛ መልሰውልናል። ባቡሩና ቴምብሩ ያመጡት ጥቅም ሲቀንስ፣ መጻሕፍቱ ግን የእኛም ገንዘብ ሆኑ።

ከመካከላችን «ተረት ማንበብ ለፈተና ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ሰዋስው አያስፈልግም አንልም፤ ያለ እርሱ ዓረፍተ ነገር አይቆምም። ነገር ግን ለፈተና ብቻ የተሸመደደ ሕግ ከፈተናው ማግስት ይረሳል። ለእንጀራ ብቻ የተማሩት ቋንቋም እንጀራው ሲቀር አብሮ ይቀራል። ልብ የነካ ታሪክ ግን ቃሉንም ሰዋስውንም ይዞ ይኖራል።

ስለዚህ መምህራኖቻችን በሳምንት አንዲት አጭር ታሪክ በእንግሊዝኛ እንዲያስነብቡን፣ ወላጆቻችንም የሚያውቁትን ተረት እንዲነግሩን እንለምናለን። እኛም የሰማነውን በእንግሊዝኛ ጽፈን ለክፍላችን እናንብብ። መጽሐፍ ቢያጥረን እንኳ ተረት አያጥረንምና፣ ዛሬውኑ ልንጀምር እንችላለን።