«ትይዩ» መምሰል ብቻ አይደለም

በሥነ ሕይወት «ትይዩ ዝግመተ ለውጥ» የሚባለው፣ ዘመዳሞች የሆኑ ፍጥረታት ከተለያዩ በኋላ አንድ ዓይነት ለውጥ በየፊናቸው ሲያመጡ ነው። (ከጂኦሜትሪ የተዋስነው ቃል ትንሽ ያሳስታል፤ እነዚህ መስመሮች መነሻቸው አንድ ነው።) መልክ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም። የወንዞቻችን ሸርጣንና የቀዝቃዛው ባሕር «ንጉሥ ሸርጣን» ሁለቱም ሰፊ ቅርፊት አላቸው፤ ጅራታቸውንም ከሥር አጥፈዋል፤ ያያቸው ወንድማማች ይላቸዋል። በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ የዲኤንኤ ጥናት ግን ንጉሥ ሸርጣን የወጣው በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጠልለው ከሚኖሩት ወገን መሆኑን አሳየ። የሸርጣን ቅርጽ ቢያንስ አምስት ጊዜ ለየብቻው እንደመጣ ዛሬ ይታመናል።

«የዘር ሐረጉ ከታወቀ ‹ትይዩ› የሚለው ቃል ምን ይጨምራል?» የሚል ይኖራል። ሐረጉ ለውጡ ስንት ጊዜ እንደመጣ ይነግረናል እንጂ በየትኛው ጂን እንደመጣ አይነግረንም፤ «ትይዩ» ስንል ግን ለውጡ በየፊናው የመጣው በዚያው ጂን ነው ማለታችን ነው። ለዚህ ምሳሌ ለማግኘት የወላይታ ሶዶ ተማሪ ባሕር መሻገር የለበትም፤ ወተት ይበቃዋል። አዋቂ ሰው ወተት እንዲፈጭለት የሚያደርገው ለውጥ በአውሮፓ የሚገኘው ከላክቴዝ ጂን 13,910 የዲኤንኤ ፊደል ቀደም ብሎ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን በ13,907 እና በ13,915 ላይ የተለወጡም አሉ። ፊደሉ ከተለያየ ትይዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የተነካው ያንኑ ጂን የሚያዝዘው ያው ቦታ መሆኑ ላይ ነው። ሌላ ጂን ተለውጦ ተመሳሳይ ውጤት ቢመጣ ኖሮ «ተገጣጣሚ» እንለው ነበር። ድንበሩ አንዳንዴ ይደበዝዛል፤ ይህ ግን ጂኑን ሳያዩ በመልክ ለመፍረድ ፈቃድ አይሰጥም።