ዮሺዮ ሺራይ፦ የመጀመሪያው ጃፓናዊ የዓለም ቦክስ ሻምፒዮን

ዮሺዮ ሺራይ (እ.ኤ.አ. 1923–2003) የቶኪዮ ተወላጅና በፍላይዌት፣ ማለትም እስከ 50.8 ኪሎ ግራም ባለው ምድብ የተወዳደረ ቦክሰኛ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በጀርባ ሕመም ስፖርቱን ሊተው ሲል አልቪን ካን አገኘው። ካን ጃፓንን በያዘው የአሜሪካ አስተዳደር ውስጥ የሚሠራ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ነበር። አመጋገቡን አስተካከለለት፤ ከመምታት በፊት መከላከልን አስተማረው።

የአሜሪካ አስተዳደር ባበቃ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሜይ 19 ቀን 1952፣ ሺራይ የሃዋዩን ዳዶ ማሪኖን በነጥብ አሸንፎ ለተሸነፈች አገሩ የመጀመሪያውን የዓለም የቦክስ ክብር አስገኘ። ክብሩን አራት ጊዜ ካስጠበቀ በኋላ በ1954 በአርጀንቲናዊው ፓስኩዋል ፔሬዝ ተነጠቀ። በቀጣዩ ዓመት በመልሱ ግጥሚያ በ5ኛው ዙር በዝረራ ተሸንፎ ከውድድር ተሰናበተ።

ካን ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም። አርጅቶ ራሱን መርዳት ሲያቅተው፣ ሺራይ እስከ ዕለተ ሞቱ እንደ አባት ጦረው።