የዕለት የዓይን ግፊት መዋዠቅ

ከመርጡለ ማርያም ተነሥቶ ለዓይን ሕክምና ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው ግፊቱ የሚለካለት አብዛኛውን ጊዜ ረፋድ ላይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ካርዱ ላይ 17 ይጻፋል እንበል። መለኪያው ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ከ10 እስከ 21 ያለው እንደ ደህና ስለሚቆጠር ሰውየው ተደስቶ ይመለሳል። ያው ዓይን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ መደብ ላይ ተጋድሞ ሳለ ቢለካ ግን 26 ሊገኝ ይችላል። ሐኪሞች «ዳይርናል ፍላክችዌሽን» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በአማርኛ «የዕለት የዓይን ግፊት መዋዠቅ» ብንለው ያስኬዳል። መዋዠቅን ከጤፍ ዋጋ አሳምረን እናውቀዋለን። ዕለት ሲባል ሌሊቱም አለበት፤ ከደም ግፊት ጋርም አይምታታ።

ዓይን ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ ሳያቋርጥ ይመነጫል፤ በጥቁሩ ዓይን ጠርዝ ባለች ስስ ወንፊት አልፎ ወደ ደም ሥር ይገባል። ሌሊት የሚመነጨው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ግፊቱ ግን ይጨምራል! ስንጋደም ፈሳሹን የሚቀበሉት ደም ሥሮች ራሳቸው ስለሚሞሉ መውጫው ይከብዳል። ጤነኛ ዓይን ላይ ልዩነቱ ከ2 እስከ 6 ነው፤ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው ግላኮማ የሚባለው በሽታ ያለበት ላይ ከ10 ሊያልፍ ይችላል።

ግፊቱን ለመቀነስ የሚታዘዙት ጠብታዎችም እኩል አይደሉም። ቲሞሎል የሚሠራው የሚመነጨውን ፈሳሽ በመቀነስ ነውና፣ ምንጩ በራሱ በሚቀንስበት ሌሊት ብዙም አይረዳም። ላታኖፕሮስት ሌሊቱንም ይይዛል፤ ግን ሳያልቅ ከተገዛና ሳይረሳ ከተጨመረ ነው።

ትራቤኩሌክቶሚ የሚባለውና እንግሊዛዊው ሐኪም ኬርንስ በ1968 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ቀዶ ሕክምና ሌላ መንገድ ይዟል። በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ስስ ክዳን ተከፍቶ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይበጅለታል፤ ፈሳሹም በላይኛው ቆብ ሥር ትንሽ እብጠት ሠርቶ እየተመጠጠ ይሄዳል። ግፊቱ ሽቅብ ሲል የሚወጣው ፈሳሽም ይበዛል። ስለዚህ የሚወርደው አማካዩ ብቻ ሳይሆን የሌሊቱ ጣሪያም ጭምር ነው፤ በጠብታ ከሚታከሙት ጋር ሲነጻጸርም የተሳካ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት መዋዠቃቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጨርሶ አይጠፋም። ቁስሉ ጠባሳ ሠርቶ መውጫውን ከደፈነውም ግፊቱ ይመለሳል።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ለሞራ፣ 5.2 በመቶውን ለግላኮማ ሰጥቷል። ጎረቤቱ ሞራ ተገፎለት ሲያይ የተመለከተ ሰው ከግላኮማው ቀዶ ሕክምናም ያንኑ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። የሞተ የዓይን ነርቭ ግን አይመለስም፤ ቀዶ ሕክምናው የቀረውን ብርሃን ለማቆየት ነው። ይህ ከቢላው በፊት በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ ካልተነገረው ቀጠሮውን ቢተው አይገርምም።

ለቀጠሮ የሚሄድ ሰው ከተቻለ ከተማው አድሮ ማለዳ ቢለካ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቢለካ ይሻላል። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይን ከቀላ፣ ካመመ ወይም ዓይናር ካበዛ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዕለቱ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ዓመታት ቢያልፉትም እንኳ።