ኬና ዘመድኩን፦ ሬዲዮ በሩን የዘጋበት አበሻ ሮከር

አበሻ ሮክ አይዘፍንም ያላችሁ ሰው ካለ ኬናን አልሰማውም ማለት ነው።

ኬና ዘመድኩን የተወለደው አዲስ አበባ ነው። ሕፃን እያለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሄደና ቨርጂኒያ ቢች አደገ። አባቱ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ቤት ውስጥ ሙዚቃ ከተከፈተም የኬኒ ሮጀርስ ነበር። ልጁን ወደ ሙዚቃ የሳበው ግን የአየርላንዱ ባንድ ዩቱ «ዘ ጆሹዋ ትሪ» አልበም ነው። የመጀመሪያ አልበሙን «ኒው ሴክርድ ካው»ን ፕሮዲውስ ያደረገለት ደግሞ የዚያው ከተማ ልጅ፣ ከፋረል ዊሊያምስ ጋር «ዘ ኔፕቹንስ»ን የመሠረተው ቻድ ሁጎ ነው።

ጉዱ እዚህ ጋ ይጀምራል። የሊምፕ ቢዝኪቱ ፍሬድ ደርስት ሥራውን በስልክ ሰምቶ ወደደው፣ አስፈረመው። ኤምቲቪ 2 ክሊፑን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ አሳየ። ሎስ አንጀለስ ላይ ኮንሰርት ሲያቀርብ ታዳሚው ግጥሞቹን በቃሉ ያውቅ ነበር። ሬዲዮ ጣቢያዎቹ ግን በገበያ ጥናት ነው የሚያምኑት፦ ለሰው ዘፈን ያሰሙና ነጥብ ስጡ ይላሉ። ኬና ዝቅተኛ ነጥብ አገኘ፤ በሩም ተዘጋ። አልበሙ ብዙ ተጓትቶ በ2003 ወጣ።

ካናዳዊው ጸሐፊ ማልኮም ግላድዌል በ2005 ባሳተመው «ብሊንክ» ታሪኩን አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ክርክሩ ይሄ ነው፦ ሰው አዲስ ነገር ሲገጥመው «እንግዳ ነው» በማለት ፈንታ «አልወደድኩትም» ይላል። (እኛስ ቲክቶክ ላይ ስንቱን ዘፈን ሳንጨርስ ገፍተነዋል?)

ኬና አላቆመም። በ2007 ሁለተኛ አልበሙን አወጣ፤ «ሴይ ጉድባይ ቱ ላቭ» የተሰኘው ዘፈኑም ለ2009 የግራሚ ሽልማት አሳጨው። አላሸነፈም።

እኔ የምወደው ግን ቀጣዩን ነው። አባቱ በልጅነታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ከቆሸሸ ውሃ በመጣ በሽታ ተሠቃይተዋል። ጣና ዳር ላደግን ይሄ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ ሐይቁ አጠገባችን ነው፣ ቢልሃርዝያውም እንደዚያው። ኬና ጥር 2010 ላይ ሉፔ ፊያስኮን፣ ጄሲካ ቢልንና ሌሎችን ይዞ 5,895 ሜትር ከፍታ ያለውን ኪሊማንጃሮ ወጣ፤ ዓላማው ዓለም ስለ ንጹህ ውሃ እንዲያወራ ነበር። ጉዞው በዚያው ዓመት በኤምቲቪ በዘጋቢ ፊልም ታይቷል።

ለመጀመር «ሄል ቤንት»ን ፈልጉ። እስከ መጨረሻው ስሙት፣ ከዚያ ነጥባችሁን ኮመንት ላይ ጣሉልን።