ዊንዶውስ፣ ማክ ወይስ ሊኑክስ፦ ላረጀ ኮምፒውተር የሚበጀው የትኛው ነው?

ኒው ሀልፋ በ1960ዎቹ የአስዋን ግድብ ውሃ ዋዲ ሀልፋን ሲያጥለቀልቅ ለተፈናቀሉ ኑብያውያን የተቆረቆረች የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። ከእርሷ በስተደቡብ የሚገኘው የገዳሪፍ ግዛት በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ በኡም ራኩባ እና በቱናይድባ መጠለያዎች ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ተቀብሏል። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ውጊያ ሲጀመር ደግሞ ሱዳናውያን ተፈናቃዮች ወደዚሁ አካባቢ ጎረፉ።

ቤቱን ጥሎ የሚወጣ ሰው ይዞት የሚሄደው ጥቂት ነው። ከጥቂቱ አንዱ ላፕቶፕ ከሆነ ግን በውስጡ የትምህርት ማስረጃ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እና የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ሲያረጅ በአዲስ መተካት ቀላል አይደለም። ስለዚህም የኦፐሬቲንግ ሲስተም ምርጫ የኮምፒውተሩን ዕድሜ የሚወስን ጉዳይ ይሆናል።

ጥያቄው አሁን የተነሳበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4/2018 ዓ.ም. አቁሟል።

ሦስቱ አማራጮች

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ እና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ማይክሮሶፍት ከሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡት ናቸው። በመሆኑም ከ2017 እአአ በፊት የተሠሩ በርካታ ኮምፒውተሮች ያለ እንከን እየሠሩም ከመስፈርቱ ውጪ ሆነዋል።

ማክኦኤስ በይፋ የሚሠራው በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው። አፕል ከ2020 እአአ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ራሱ ቺፕ የተሸጋገረ ሲሆን፣ የኢንቴል ቺፕ ያላቸውን ማኮች የሚደግፈው የመጨረሻ ሥሪት ማክኦኤስ 26 እንደሆነ አስታውቋል።

ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ የጀመረው በ1991 እአአ ነው። በእርሱ ላይ ከተገነቡት መካከል ኡቡንቱን በ2004 እአአ ለገበያ ያበቃው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ነው። ኡቡንቱን ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው መገልበጥም ሆነ ለጎረቤት መስጠት ሕጋዊ ነው።

ይህ ነፃነት በሱዳን የተለየ ትርጉም ነበረው። አሜሪካ በ1997 እአአ የጣለችውና በ2017 እአአ ያነሳችው የንግድ ማዕቀብ የአሜሪካ ሶፍትዌሮችን በሕጋዊ መንገድ መግዛትን ለዓመታት አስቸጋሪ አድርጎት ቆይቷል።

የመስኮቱ ጌጥ ምን ያስከፍላል?

በቀድሞው አሠራር እያንዳንዱ ፕሮግራም በቀጥታ በስክሪኑ ላይ ይስል ነበር። በዘመናዊው አሠራር ግን እያንዳንዱ መስኮት በሜሞሪ ውስጥ ለብቻው ከተሳለ በኋላ የግራፊክስ ቺፑ ሁሉንም አጣምሮ ያሳያል። ጥላ፣ ብርሃን አሳላፊነት እና እንቅስቃሴ የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው። የማክ አኳ በ2001፣ የሊኑክሱ ኮምፒዝ በ2006፣ የዊንዶውስ ቪስታ ኤሮ ደግሞ በ2007 እአአ ለተጠቃሚ ቀርበዋል።

1920 በ1080 ፒክስል የሆነን ስክሪን የሚሞላ አንድ መስኮት 8 ሜጋባይት ገደማ ሜሞሪ ይይዛል። መጠኑ ብዙ አይደለም፤ ሆኖም አሮጌ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ስለሌላቸው ሸክሙ በጋራው ሜሞሪ ላይ ይወድቃል። ተጨማሪ ሥራ ደግሞ ባትሪን ይጨርሳል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በዊንዶውስ እነዚህን ጌጦች ከአፈጻጸም ቅንብሮች ውስጥ ማጥፋት ይቻላል። ማክ እንቅስቃሴንና ብርሃን አሳላፊነትን ለመቀነስ ያስችላል። በሊኑክስ ግን ገጽታውን ከነጭራሹ መቀየር ይቻላል፤ ኤክስኤፍሲኢ እና ኤልኤክስኪውቲ ለዝቅተኛ ኮምፒውተሮች የሚስማሙ ቀላል ገጽታዎች ናቸው።

ኮምፒውተር በኮምፒውተር ውስጥ

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደ ተራ ፕሮግራም እንዲሠራ ያደርጋል። ሐሳቡ በ1960ዎቹ በአይቢኤም ግዙፍ ኮምፒውተሮች ላይ ተጀመረ፤ ቪኤምዌር በ1999 እአአ ወደ ግል ኮምፒውተሮች አመጣው። ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 እአአ ለዚሁ የሚያግዝ አቅም በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ አካተዋል።

ቨርቹዋልቦክስ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ሊኑክስ ኬቪኤም የተባለ የራሱ መሣሪያ ሲኖረው፣ የዊንዶውሱ ሃይፐር-ቪ የሚገኘው በፕሮ እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሥሪቶች ነው።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ይህ ቴክኖሎጂ የሚሰጠው አንድ ተጨባጭ ጥቅም አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እአአ ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በርካታ መሥሪያ ቤቶችና ግለሰቦች እንደ ቪዥዋል ግዕዝ እና ፓወር ግዕዝ ባሉ፣ የየራሳቸው ፊደል አቀማመጥ ባላቸው ሶፍትዌሮች ጽፈዋል። እነዚህ ሰነዶች የተጻፉበት ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ይሆናሉ። አሮጌውን ዊንዶውስ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መጫን ሰነዱን በመጀመሪያ መልኩ ለመክፈትና ወደ ዩኒኮድ ለመለወጥ ዕድል ይሰጣል።

ጥንቃቄዎችም አሉ። ኮምፒውተሩ ሜሞሪውን ለሁለት ስለሚያካፍል 4 ጊጋባይት ብቻ ያለው ማሽን ዘመናዊ ሥርዓትን ደርቦ ለመሸከም ይቸገራል። በቨርቹዋሉ ውስጥ ጌጦችን ማጥፋት ይመከራል፤ የግራፊክስ አቅሙ ውስን ነውና። ማሻሻያ የማይደርሰው አሮጌ ሥርዓት ከኢንተርኔት መለየት አለበት። ዊንዶውስ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥም ቢሆን ፈቃድ ይጠይቃል።

ታዲያ የቱ ይመረጥ?

ኮምፒውተሩ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት የሚያሟላ፣ ሥራውም ከዊንዶውስ ፕሮግራሞች ጋር የተሳሰረ ከሆነ ማሻሻል ይበጃል። መስፈርቱን ለማያሟላ ነገር ግን ጤነኛ ለሆነ ማሽን ቀላል ገጽታ ያለው ሊኑክስ የተሻለ መንገድ ነው። አማርኛ መጻፍ በሦስቱም ይቻላል፤ ነፃው ኪይማን በሁሉም ላይ ይሠራል።

"ኢንተርኔት ስለማልጠቀም ማሻሻያ አያስፈልገኝም" ማለት ግን አያዋጣም። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በሰፊው ሲቋረጥ እንደታየው፣ ግንኙነት በጠፋበት ቦታ ፋይል የሚተላለፈው በፍላሽ ነው፤ ቫይረስም እንዲሁ።

ከመወሰን በፊት ሊኑክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነስቶ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ኪቦርዱ መሥራታቸውን ማየት ይቻላል። ዲስክን ሙሉ በሙሉ የሚተካ ጭነት ግን ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሰነዶችን በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጦ መከፈታቸውን ማረጋገጥ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዳግም ሊጫን ይችላል፤ የጠፋ የትምህርት ማስረጃን ከተዘጋ ዩኒቨርሲቲ ማስመለስ ግን አዳጋች ነው።